ስለ ተሰወረ አውቶሞቢል

አንባቢ ሆይ፤ በከተማ የሚኖርና በወር ደመወዝ የሚተዳደር ሰው ዛሬ ብዙ ጊዜ የሚገጥመው አንድ ጥያቄ አለ። ዋጋው እጅግ የከበደ አውቶሞቢል የገዛ ሰው ይህን ንብረቱን አብረውት ከሚሠሩት ባልንጀሮቹና ከገዛ ዘመዶቹ ቢሰውር በደል ይሆንበታልን? አንዱ፦ «በገንዘቤ የገዛሁት ነው፤ ለማንም መልስ መስጠት አይገባኝም» ይላል። ሁለተኛውም፦ «ከወንድሙ የሚሰውር ሰው ልቡ ቅን አይደለም» ይላል። ሁለቱም ነገሩን ሳይለዩ ስለ ፈረዱ ቸኩለዋል። ከማን ይሰወራል? በምን ቃል ይሰወራል? በመሰወሩስ የሚጎዳ ማን ነው? ይህ ሳይመረመር ቅን ፍርድ አይገኝም።

አስቀድመን የዕቃውን ጠባይ እንመልከት። ወርቅ በሣጥን ይቆለፋል፥ ብርም በባንክ ይቀመጣል፤ አውቶሞቢል ግን በአደባባይ ካልሮጠ ጥቅም የሌለው ዕቃ ነው። ወደ አዲስ አበባ የመጀመሪያው አውቶሞቢል በ1900 ዓ.ም. መጥቶ ዳግማዊ ምኒልክ ከተሳፈሩበት ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፎአል፥ መንገዱም በመኪና ሞልቶአል። ነገር ግን ሕዝቡ «ቪ ኤይት» እያለ የሚጠራው ላንድክሩዘር ወይም አንድ ሌክሰስ በሰፈር ውስጥ ሲያልፍ የሰው ሁሉ ዓይን ዛሬም ይከተለዋል። ዋጋው ከባድ መሆኑን ለማወቅም ነጋዴ መሆን አያሻም። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 307 የሞተሩ ይዘት ከ1800 ሲሲ በሚበልጥ የግል አውቶሞቢል ላይ መቶ በመቶ ታክስ ጣለ። በዚህም ላይ የጉምሩክ ቀረጥ 35 በመቶ፥ የተጨማሪ እሴት ታክስ 15 በመቶ፥ በኋላም የመጣው ሱር ታክስ 10 በመቶ አንዱ በሌላው ላይ ሲደራረብ፥ ወደብ ሲደርስ 100 ሺህ ብር የተገመተው አውቶሞቢል ለባለቤቱ ከ340 ሺህ ብር በላይ ያስወጣው ነበር። በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1186 ደግሞ ያገለገሉትን መኪኖች ሸክም ይበልጥ አከበደው። ስለዚህ የባልንጀራውን ደመወዝ የሚያውቅ ጸሐፊ እንዲህ ያለውን መኪና በግቢው ባየ ጊዜ፥ ሳይወድ በልቡ ሒሳብ ይጀምራል፤ ሒሳቡ አልሞላ ባለውም ጊዜ የጎደለውን በሐሜት ይሞላዋል።

እንግዲህ ሰው መኪናውን ለመሰወር ቢወድ ያለ ምክንያት ነው ብለን አንፈርድበትም። ምቀኝነትን የሚፈራ አለ፤ የሰው ዓይን የሚፈራ አለ፤ ሌባን የሚፈራ አለ፤ አለቃው «ይህ ሰው ደመወዝ አልቸገረውም» ብሎ በዕድገት እንዳያልፈው የሚሰጋም አለ። የሚበዛው ግን ልመናን የሚፈራ ነው። በአገራችን አንድ ሰው ከዘመዶቹ መካከል ቀና ያለ እንደ ሆነ፥ የተማሪው ክፍያ፥ የበሽተኛው መድኃኒት፥ የሠርጉ ድግስ፥ የተዝካሩ ወጪ ሁሉ ወደ ደጁ ይመጣል። ይህን ሸክም ያልተሸከመ ሰው በፈሪው ላይ ሊስቅ አይገባውም። ደግሞ በትሕትና የሚሰውር አለ፤ ከእርሱ በታች በሚያገኙት ፊት በሀብቱ መታየትን አይወድም። ይህስ መልካም አድርጎአል፤ መኪናውን በቢሮው ደጅ አቁሞ ቁልፉን በጣቱ እያሽከረከረ ከሚገባው እጅግ ይሻላል።

በመጽሐፍ ቅዱስ የሁለት ሰዎች ታሪክ ለዚህ ነገር ይጠቅመናል። ንጉሡ ሕዝቅያስ ከባቢሎን ለመጡት መልእክተኞች የግምጃ ቤቱን ዕቃ ሁሉ አሳያቸው፤ ስለዚህም ነገር ነቢዩ ኢሳይያስ ክፉ ወሬ ነገረው። የኤልሳዕ ሎሌ ግያዝ ደግሞ ከንዕማን የተቀበለውን ብርና ልብስ በቤት ሸሸገ፤ ጌታው በጠየቀውም ጊዜ ከቤት እንዳልወጣ ሰው ሆኖ መለሰ። አንዱ ያሳየ፥ ሁለተኛው የሸሸገ ሲሆን ሁለቱም ተወቀሱ። እንግዲህ ነገሩ በማሳየትና በመሸሸግ ብቻ አይፈረድም። የግያዝ ጥፋት ዕቃው በቤት ውስጥ መቀመጡ አልነበረም፤ በጌታው ስም በሐሰት መቀበሉና ሲጠየቅ መካዱ ነበር እንጂ።

ነገሩ እንዲገለጥልህ እንዲህ ያለ ሰው በልብህ አስብ። በአዲስ አበባ በአንድ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ሠራተኛ ነው። የአባቱ ቤት ተሸጦ ድርሻው ደረሰው፤ ከዕቁብ ያገኘውንም ጨምሮ በሕጋዊ መንገድ ትልቅ አውቶሞቢል ገዛ። በገንዘቡ አንዲት ነውር የለችበትም። ነገር ግን ማንም እንዳያውቅበት በየጥዋቱ መኪናውን ከመሥሪያ ቤቱ ራቅ ባለ ነዳጅ ማደያ አጠገብ ያቆማል፤ ለዘበኛው ጥቂት ብር ይሰጣል፤ የቀረውን መንገድ በእግሩ ይሄዳል። እስከዚህ ድረስ ምን በደለ? ምንም። በእግር መሄድም ለጤና ይበጃል።

ነገር ግን ምስጢር ሎሌ ይፈልጋል። ማታ ከሥራ ሲወጡ አንዲት ባልንጀራው፥ የእርሱን ደመወዝ እኩሌታ እንኳ የማታገኝ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፥ «ታክሲ አብረን እንያዝ» ትለዋለች። እንቢ ቢል የሚጠረጠር ይመስለዋልና አብሮ ይሳፈራል። ድሀ መምሰልን ስለ ጀመረም ዝርዝር የለኝም ይላል፤ እርስዋም ትከፍልለታለች። ሁለት ፌርማታ አልፎ ይወርድና ወደ መኪናው በእግሩ ይመለሳል። ከዚያ በኋላ የጽዳት ሠራተኛዋ ልጅ ታመመ፥ በመሥሪያ ቤቱም የርዳታ ወረቀት ዞረ። ሌሎቹ 500 ብር ሲጽፉ እርሱ «ይህ ወር ከብዶኛል» ብሎ 100 ጻፈ። ባልንጀሮቹም አዘኑለት፤ አንዱማ «ገንዘብ ላበድርህን?» ብሎ በስተጓሮ ጠየቀው።

በመጨረሻ ያሳደገችው አክስቱ ከገጠር ስልክ ደወለች። ዓይንዋን ሞራ ጋርዶት ነበርና ወደ ከተማ መጥታ ለመታከም ገንዘብ ለመነችው። የዓይን ሞራ በአጭር ቀዶ ሕክምና የሚነሣ፥ ቢተዉት ግን ብርሃን የሚያሳጣ ሕመም ነው። እርሱም፦ «አክስቴ፥ እኔም ተቸግሬአለሁ፤ የለኝም» አላት። እርስዋም፦ «አይዞህ ልጄ፥ አንተን ያቆይልኝ፤ እኔስ አርጅቻለሁ» ብላ መረቀችው። ይህችን ምርቃት ተቀብሎ ስልኩን ሲዘጋ በዚያው በአውቶሞቢሉ ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

አንባቢ ሆይ፤ የዚህ ሰው በደል ከወዴት እንደ ጀመረ ልብ በል። በነዳጅ ማደያው አጠገብ አይደለም። ሌላ ሰው በእርሱ ሐሰት ምክንያት ከኪሱ ባወጣ ጊዜ ነው። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ የከፈለችው የታክሲ ሒሳብ፥ የባልንጀሮቹ ኀዘኔታ፥ የአክስቱ ምርቃት፥ እነዚህ ሁሉ ለተቸገረ ሰው የሚሰጡ ናቸው። ያልተቸገረ ሰው የተቸገረ መስሎ ሲወስዳቸው፥ ገንዘቡ ትንሽም ቢሆን፥ ስሙ ስርቆት ነው።

አክስቱ የጠየቀችውን ሁሉ ሊሰጣት ግዴታ ነበረበት አላልንም። እርሱም ቤት አለው፥ ልጆች አሉት፥ ዘመዱም አንድ ብቻ አይደለም፤ ለጠየቀው ሁሉ የሚሰጥ ሰው በዓመቱ ራሱ ለማኝ ይሆናል። ነገር ግን «የለኝም» ማለትና «ይህን ያህል ልሰጥ እችላለሁ» ማለት ሁለት ልዩ ቃሎች ናቸው። «አክስቴ፥ መኪና ገዝቼ በእጄ የቀረኝ ጥቂት ነው፤ መጓጓዣሽን እኔ እችላለሁ፥ ስለ ሕክምናው ከወንድሞቼ ጋር እመክራለሁ» ብሎአት ቢሆን፥ እውነቱን በተናገረ፥ ገንዘቡንም በጠበቀ፥ የዓይንዋም ነገር መላ ባገኘ ነበር። ትንሽ ታፍር ይሆናል፤ ትንሽ ታዝን ይሆናል። ነገር ግን እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንደሚባለው፥ መኪናው በተገለጠ ቀን ዘመድ የሚቈጥረው የመኪናውን ዋጋ አይደለም፤ ያን ዕለት በስልክ የተባለውን ቃል ነው። ያቺ አሮጊት በሐሰት ላይ ምርቃት እንዳፈሰሰች ብታውቅ፥ ከዓይንዋ ሞራ ይልቅ ይህ እንደሚከብዳት አልጠራጠርም።

ከትዳር ጓደኛ መሰወር ግን ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው፤ በዚህስ «ዝም አልሁ እንጂ አልዋሸሁም» የሚል መልስ አይሠራም። በአዲስ አበባ የሚሠራበት የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ባልና ሚስት በጋብቻ ዘመን በሥራቸው ያገኙትን የጋራ ሀብት ያደርገዋል፤ በአንዱ ስም ብቻ ቢመዘገብም የግሉ መሆኑን እስኪያስረዳ ድረስ የጋራ ሆኖ ይቈጠራል። በውርስ የተገኘው የግል ሆኖ ሊቀር ይችላል፤ ከደመወዝ እየተቈረጠ የተጣለ ዕቁብ ግን እንዲህ አይደለም። ይኸው ሕግ ከ500 ብር በላይ ለመበደር እንኳ የሁለቱን ስምምነት ይጠይቃል። ስለዚህ በብድር የገዛውን መኪና ከሚስቱ የሚሰውር ባል የእርስዋን ንብረትና የእርስዋን ዕዳ ከእርስዋው ሰወረ ማለት ነው፤ ሚስትም ከባልዋ ብትሰውር እንዲሁ ናት። አንዳንድ ብልህ ነን ባዮች ሊብሬውን በወንድም ወይም በወዳጅ ስም ያስወጣሉ። ወንድም ይሞታል፥ ወራሾቹም ሊብሬውን ይዘው ይመጣሉ፤ ወዳጅም ዕዳ ይገባል፥ ባለ ዕዳውም መኪናውን ያሳግዳል። በዚያን ቀን የእኔ ነው የሚለው እውነተኛ ባለቤት ምስክር ፍለጋ ይዞራል፤ ምስክሩንም በገዛ እጁ አጥፍቶት ነበር።

የሌላ ሰው ገንዘብ በእጁ የሚያልፍ ሁሉ፥ ገንዘብ ያዥም፥ ዕቃ ግዢም፥ የመጋዘን ጠባቂም፥ ከሌላው ሠራተኛ የበለጠ ግልጥ ሊሆን ይገባዋል። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የሀብት ማሳወቂያና ማስመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 668 የመንግሥት ተመራጮች፥ ተሿሚዎችና ሠራተኞች ሀብታቸውን እንዲያስመዘግቡ ያዘዘው ስለዚህ ነገር ነው። ያ የሒሳብ ሠራተኛ መኪናውን በገዛበት ሳምንት የውርሱን ወረቀት ይዞ ወደ አለቃው ቢገባና «እንዲህ ያለ ንብረት ገዝቻለሁ፥ የመጣውም ከዚህ ነው» ቢል፥ በደቂቃ ያለቀ ነገር ነበር። አሁን ግን ንጹሕ ገንዘቡን እንደ ተሰረቀ ገንዘብ አድርጎ ሸሸገው፤ በካዝና ሒሳብ አንድ ቀን ጥቂት ቢጎድል አስቀድሞ የሚጠራው የማን ስም ነው? ለሌሎቹ ባልንጀሮቹ ግን ይህን ሁሉ መግለጥ አይገደድም። «ያ መኪና የማን ነው?» ሲሉት «የእኔ ነው» ይበል። «በስንት ገዛኸው?» ሲሉትም «ዋጋውን ለራሴ ልተወው» ማለት ሐሰት አይደለም፥ ስድብም አይደለም።

ተማሪዎች ሆይ፤ ይህ ነገር እኛን አይነካንም እንዳትሉ፥ የዚህ ሐሰት መንትያ በእናንተ ዘንድ አለ። ያልገዛውን መኪና ተደግፎ ፎቶግራፍ ተነሥቶ ለልጃገረድ የሚልክ ጎልማሳ፥ ያለውን ከሚሰውረው በምን ይለያል? እንዲያውም የእርሱ የከፋ ነው፤ ያኛው ቢያንስ መኪና አለው።

የሰውን መኪና የምታይ አንተም ደግሞ ድርሻ አለህ። ሰዎች ከእኛ የሚሸሽጉት ብዙ ጊዜ እኛ ስለምናስፈራቸው ነው። አንድ ባልንጀራህ አዲስ ነገር በገዛ ቀን «እንኳን ደስ አለህ» ብለህ ከመቆም ይልቅ ምንጩን የምትመረምር፥ ማግሥቱንም ብድር የምትጠይቅ ከሆነ፥ እርሱን ወደ ነዳጅ ማደያው የሰደድኸው አንተ ነህ።

መኪናውን የገለጠ ሰው ልመና ይበዛበታል፤ ይህ እውነት ነውና ከወዲሁ ይዘጋጅ። ከሚስቱ ጋር ተቀምጦ በዓመት ለዘመድ የሚወጣውን ልክ ይወስን፥ ከተወሰነውም ሳይነጫነጭ ይስጥ፤ ሲያልቅም «የዘንድሮው አልቆአል» ይበል። ሌሊት ምጥ የያዛት ወይም በድንገት የታመመ ጎረቤት ሲጠራው ግን ይህ ልክ አይሠራም፤ ያን ጊዜ ተነሥቶ ይንዳ። ለሙሽራ መኪናነት መለመኑም አይቀርለትም። በዚህ ጊዜ ነዳጁን ማን እንደሚሞላ፥ በስንት ሰዓትም እንደሚመለስ አስቀድሞ በግልጥ ይናገር፤ ቁልፉንም ለሚዜ ከመስጠት ራሱ ቢነዳ ይሻላል፤ ሚዜዎች በዚያ ቀን መንገዱን ሳይሆን ካሜራውን ያያሉና።