ከኳሷ ላይ ዓይንን መንቀል፦ የትምህርት ቤት ተከላካይ በመቐለ እንዴት ይመዘናል?

በ2011 የውድድር ዘመን መቐለ 70 እንደርታ የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግን ዋንጫ ሲያነሳ ከሁሉ በላይ የገነነው ስም የአማኑኤል ገብረሚካኤል ነበር። የሊጉ ኮከብ ግብ አግቢ ነውና አይገርምም። በአሠልጣኝ ገብረመድህን ኃይሌ የሚመራውን የዚያን ቡድን የኋላ መስመር በቃሉ የሚዘረዝር ግን ብዙ አይገኝም። የትምህርት ቤት ውድድር ሲመለከት የሚውል መልማይም በዚሁ ልማድ ይጠመዳል፤ ግብ ያገባውን ልጅ ስም ጽፎ ይመለሳል። ለክለብ ታዳጊ ቡድን ተከላካይ ፍለጋ የወጣ ሰው ይህን ልማድ መተው አለበት።

ሥራው የሚጀምረው ከሜዳ ውጭ ነው። መልማዩ የሚፈልገው የመሐል ተከላካይ ነው ወይስ የመስመር? ሁለቱ የሚመዘኑት ለየቅል ነው። የመስመር ተከላካይ ሰፊ ሜዳ ላይ ከፈጣን ክንፍ ተጫዋች ጋር ብቻውን ይቀራል፤ የመሐሉ ደግሞ ጀርባውን ለግቡ ሰጥቶ መላውን ጨዋታ ያነባል። ይህ ከተለየ በኋላ መልማዩ ልጆቹ ሰውነታቸውን ሲያፍታቱ ይደርሳል፤ ከጎን ሳይሆን ከግቡ ጀርባ፣ ከተገኘም ከፍ ያለ ቦታ ላይ ይቀመጣል። በተከላካዮች መካከል ያለው ርቀት ከዚያ ጥርት ብሎ ይታያል።

ከዚያ አንድ ልጅ ይመርጥና ለ20 ደቂቃ ያህል እሱን ብቻ ይከተላል። ኳሷ በማዶኛው መስመር ስትሆን ልጁ የት ቆሟል? ጓደኛው ለመንጠቅ ሲወጣ ክፍተቱን ይሸፍናል ወይስ ቆሞ ያያል? ኳሷ ከመድረሷ በፊት አንገቱን አዙሮ ከኋላው ማን እንዳለ ያረጋግጣል? ኖርዌያዊው ተመራማሪ ጌይር ዮርዴት ተጫዋቾች ኳስ ከመቀበላቸው በፊት ዙሪያቸውን እንዴት እንደሚቃኙ ለዓመታት ያጠና ሰው ነው፤ ይህን ለመቁጠር ግን እርሳስና ደብተር ይበቃል። ጆሮም ሥራ አለው። በትግርኛ «ብድሕሪትካ!» (ከኋላህ!) እያለ ጓደኛውን የሚያስጠነቅቅ ልጅ ጨዋታውን ቀድሞ እያየ ነው። በየአጋጣሚው ሸርተቴ የሚወርድ ልጅ ጭብጨባ ያገኛል፤ መልማዩ ግን ልጁ መሬት ላይ የወደቀው ለምን እንደሆነ መጠየቅ አለበት። ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የቆመበት ቦታ ስለተሳሳተ ነው።

አንድ ለአንድ ፍልሚያ ላይ ትኩረቱ እግሮቹ ላይ ይሆናል። ጥሩ ተከላካይ ፊት ለፊት አይገተርም፤ ጎኑን ሰጥቶ፣ ጉልበቱን ሸብረክ አድርጎ፣ በአጫጭር እርምጃ እያፈገፈገ አጥቂውን ወደ ዳር ይገፋዋል። ኳሷን የሚነጥቀውም አጥቂው ከእግሩ ትንሽ ሲያርቃት ነው። የዘገየ ወይም የቸኮለ እርምጃ ምን እንደሚያስከፍል ጥር 1 ቀን 2014 ያውንዴ ላይ ታይቷል። ኢትዮጵያ በአፍሪካ ዋንጫ ከኬፕ ቨርዴ ስትጫወት የመሐል ተከላካዩ ያሬድ ባየህ ገና በመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ወደ ግብ እያመራ የነበረውን አጥቂ ጥሎ በቀይ ካርድ ወጣ፤ ዋሊያዎቹም በጎዶሎ ተጫውተው 1 ለ 0 ተሸነፉ። ልምድ ያለው ተጫዋች እንዲህ ከተፈተነ የ11ኛ ክፍል ተማሪ በአንድ ጥፋት ሊሰረዝ አይገባም። ይልቅ ከስህተቱ በኋላ ያሉት አምስት ደቂቃዎች ይመዝገቡ፤ ኳስ መፍራት ጀመረ ወይስ መደበኛ ቦታው ላይ ቀጠለ?

የጎዶሎ ቡድን ጉዳይ ለሙከራም ይሆናል። ጥር 13 ቀን 2005 ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሳ የወቅቱን ሻምፒዮን ዛምቢያን ስትገጥም ግብ ጠባቂው ጀማል ጣሰው በመጀመሪያው አጋማሽ በቀይ ካርድ ወጥቶ ነበር፤ አሥሩ ተጫዋቾች ግን 1 ለ 1 አጠናቀቁ። በልምምድ ጨዋታ ላይ ከልጁ ቡድን አንድ ሰው በድንገት ይውጣና ምን እንደሚያደርግ ይታይ። ጓደኞቹን ጠርቶ መስመሩን የሚያጠብ ካለ ስሙ ላይ ምልክት ይደረግበት።

የአየር ላይ ኳስ የራሱ ጣጣ አለው፤ በተለይ መቐለ ላይ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ብላ የምትገኝ ስለሆነች አየሯ ስስ ነው፤ ረጅም ኳስ ፈጥኖ ይመጣል፣ ርቆም ይወድቃል። ከ2013 ወዲህ ግን የፕሪሚየር ሊጉ ጨዋታዎች በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወሩ ሲካሄዱ ቆይተዋል፤ ከእነዚህ አንዷ ድሬዳዋ ደግሞ ከፍታዋ ወደ 1,200 ሜትር ነው፣ ሙቀቷም የታወቀ ነው። እዚያ ያው ኳስ ቀደም ብሎ ይወርዳል። ስለዚህ ልጁ ስንት ኳስ በግንባሩ እንደገጨ ከመቁጠር፣ የኳሷን መውረጃ ሲስት ምን ያህል ፈጥኖ እግሩን እንደሚያስተካክል ማየት ይጠቅማል።

ፍጥነትን በ30 ሜትር ሩጫ ብቻ መለካት ለተከላካይ አያዋጣም። አምስት ሜትር ወደ ኋላ ይሩጥ፣ ይዙር፣ ከዚያ 15 ሜትር ይፈትለክ፤ አንዴ በግራ፣ አንዴ በቀኝ ዞሮ። በየመሃሉ በቂ ዕረፍት እየወሰደ ይደግመው። ብዙ ልጆች በአንዱ ጎን ሲዞሩ ይዘገያሉ፤ ለመልማዩ የሚጠቅመው ይህ ልዩነት ነው። በስልክ ሰዓት የተያዘ ውጤት የአንድ ወይም የሁለት አሥረኛ ሰከንድ ስህተት አያጣውምና በዚያች ልዩነት አንዱን መርጦ ሌላውን መጣል ፍርደ ገምድልነት ነው። ቅብብልም እንዲሁ ነው፤ ጠጠራማ ሜዳ ላይ ኳሷን ወደ ፊት የሚጠልዝ ልጅ ምናልባት ብልህ ነው። ደልዳላ ቦታ ላይ በሁለቱም እግሩ ያቀብል፣ ከዚያ ይፈረድ።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ፣ ወደ ዕድሜ። በሌላ ከተማ የክፍል ደረጃ ስለ ዕድሜ ፍንጭ ይሰጣል፤ መቐለ ላይ ግን ያሳስታል። በመጋቢት 2012 በኮቪድ የተዘጉ ትምህርት ቤቶች በጥቅምት 2013 ጦርነት ደረሰባቸው፤ ብዙ የመማሪያ ክፍሎች የተፈናቃዮች መጠለያ ሆኑ። ትምህርት የቀጠለው ከጥቅምት 2015ቱ የፕሪቶሪያ ስምምነት ወራት በኋላ ነው። የ12ኛ ክፍል ተማሪ 20 ዓመት አልፎት ሊሆን ይችላል፤ ጥፋቱም የእሱ አይደለም። ስለዚህ የልደት ማስረጃ ይታያል፣ አቆጣጠሩም በጥንቃቄ ይመነዘራል። ኅዳር 2000 የተወለደ ልጅ በፈረንጆች የ2007፣ ጥር 2000 የተወለደው ደግሞ የ2008 ነው፤ ዓለም አቀፍ የዕድሜ ቡድኖች ከፈረንጆች ጥር 1 ጀምሮ ስለሚቆጠሩ የሁለት ወር ልዩነት ልጆቹን ለሁለት ይከፍላቸዋል። ፊፋ ከፈረንጆች 2009 ወዲህ ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ላይ የእጅ አንጓ የኤምአርአይ ምርመራ ያስገባውም ዕድሜ ስላስቸገረው ነው።

ዕድሜው ከታወቀ በኋላም አንድ ጥያቄ ይቀራል፤ ልጁ ስንት ዓመት በአሠልጣኝ ሥር ሠርቷል? የትግራይ ክለቦች ራሳቸው ወደ ፕሪሚየር ሊጉ የተመለሱት በ2017 ነው። በእነዚያ ዓመታት የውድድር ሜዳ ያልረገጠ የ18 ዓመት ልጅ በጨዋታ ዕውቀት ከ15 ዓመት ልጅ ጋር ቢስተካከል የተፈጥሮ ጉድለት አይደለም። መልማዩ አንድ ነገር ብቻ ያርመው፤ ለምሳሌ የአቋቋሙን አቅጣጫ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሶ ይመልከት። እርማቱን ሳያስታውሱት በጨዋታ መካከል የሚተገብረው ልጅ፣ ዛሬ ከሚበልጠው ነገር ግን ካልተለወጠው ጓደኛው ይመረጣል።

ከስፖርት መምህሩና ከወላጆቹ ጋር መነጋገርም የግድ ነው። የቆየ ጉዳት፣ የምግብና የእንቅልፍ ሁኔታ፣ የትምህርት ውጤት ይጠየቃል። ስላለፉት ዓመታት ልጁ ራሱ ካላነሳ አይነካካም።

በመጨረሻ ሁለት ሰዎች ለየብቻቸው ያዩትን ጽፈው ያመሳክራሉ። «ጎበዝ ነው» የሚል ማስታወሻ ዋጋ የለውም፤ «በግራ ሲዞር ይዘገያል፣ ጓደኛው ሲወጣ አራቱንም ጊዜ ሸፍኗል» የሚለው ለአሠልጣኙ ይጠቅማል። ያልተመረጠውም ልጅ ምክንያቱንና የሚቀጥለውን የሙከራ ቀን ይነገረው። የተመረጠው ልጅ ከ18 ዓመት በታች ከሆነ ወላጁ ወይም አሳዳጊው ሳያነቡት ምንም ወረቀት አይፈረምም። ልጁን ወዲያው ውጭ አገር ላስገባው የሚል ደላላ ከመጣም፣ የፊፋ ደንብ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር ከ18 ዓመት በታች ያለን ተጫዋች ከአገር አገር ማዘዋወርን እንደሚከለክል ቤተሰቡ አስቀድሞ ከመልማዩ አፍ ይስማ።