ትራክተሩን ማን ይንዳው?

በሶቪየት ኅብረት የገበሬው መሬት ወደ ጋራ እርሻ ወደ ኮልኆዝ በተጠቃለለበት ዘመን፣ ትራክተር ነጂው እንዴት ይሠለጥን እንደ ነበረ እንመለከታለን። ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በኦዴሳ አውራጃ የነበረው የሼቭቼንኮ የመንግሥት እርሻ በ1927 በትራክተሮቹ የአጎራባች ገበሬዎችን መሬት ማረስ ጀመረ፤ በ1928ም የመጀመሪያው የመኪናና የትራክተር ጣቢያ ሆነ። በ1929 መንግሥት አሠራሩ በመላ አገሪቱ እንዲስፋፋ አዘዘ። ትራክተሩ የኮልኆዙ ሳይሆን የጣቢያው ንብረት ነበረ፤ ጣቢያውም ላረሰበት ከምርቱ እህል ይወስዳል። በ1930 የስታሊንግራድ ፋብሪካ ተከፈተ።

እንግዲህ ብረቱስ ተገኘ፤ ነጂው ከየት ይምጣ? ትናንት በፈረስ ያርስ የነበረውን ወጣት፣ በረዶ መሬቱን በሸፈነባቸው ወራት አጭር ኮርስ ሰጥተው በረዶው ሲቀልጥ መሪ ያስጨብጡታል። ዘይት መቼ እንደሚለወጥ፣ የሞተር ድምፅ ሲለወጥ ምን ማለት እንደ ሆነ በጥቂት ወራት አይታወቅም። ሞተር ይቃጠላል፤ መለዋወጫ የለም። አለማወቁም አሻጥር ተብሎ ሊያስከስሰው ይችላል።

ትራክተር ፈረስን ተካ ሲባል እንሰማለን። ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል አልነበረም። በ1929 ከ34 ሚሊዮን ያላነሰው የፈረስ ቍጥር በ1933 ወደ 17 ሚሊዮን ገደማ ወረደ፤ ገበሬው ከብቱን ለማኅበሩ ከማስረከብ ማረድን መርጦ ነበር፤ የተረፈውንም መኖ አጥቶ ሞተ። ሥራ ዐዋቂ የነበሩ ብዙ ገበሬዎች «ኩላክ» ተብለው ተግዘው ነበር። በ1932 እና በ1933 ረኃብ ሚሊዮኖች አለቁ። ኮርሱ ይሰጥ የነበረው በዚህ መካከል ነው።

ሌላም ችግር ነበረ። የኮልኆዝ ገበሬ ድርሻውን የሚያገኘው መንግሥት እህሉን ከወሰደ በኋላ በተረፈው ነው። ስለዚህ ሞተር የለመደ ወጣት ዐይኑ ወደ ፋብሪካ ያማትራል። ለነጂዎች ዝቅተኛ የእህል ክፍያ ዋስትና የተሰጠው ከብዙ መፍለስ በኋላ ነው። ስታሊን በ1935 ከመኪናው ይልቅ ሰው ወሳኝ መሆኑን ሲያውጅ፣ ለዚህ ትምህርት ብዙ ተከፍሎበት ነበር።

ሴቶቹን ሳናነሣ ማለፍ አይገባንም። ፓሻ አንጌሊና በ1933 በዶንባስ የመጀመሪያውን የሴቶች የትራክተር ቡድን አቋቋመች። ራስዋ እንደ ተረከችው፣ ወደ ማሳው ሲሄዱ መንገድ የዘጉባቸው የመንደሩ ሴቶች ናቸው። ከ1941 በኋላ ወንዱ ሲዘምት ግን መሪውን የጨበጡት ሴቶች ነበሩ።

በ1958 ጣቢያዎቹ እንዲፈርሱ ተወስኖ ትራክተሮቹ ለኮልኆዞች ተሸጡ። ኮልኆዞቹ ዕዳ ገቡ፤ ከጣቢያዎቹ መካኒኮችም ብዙዎቹ የመንግሥት ደመወዛቸውን ትተው የኮልኆዝ አባል ከመሆን ይልቅ ዕቃቸውን ሸክፈው ወደ ከተማ ሄዱ።