ስለ ኳስ ተጫዋቾች ውልና ደመወዝ

የደብረ ታቦር ነጋዴ የፎገራን ሩዝ ከመከር በፊት ለመግዛት ቀብድ ሲሰጥ፣ ዕቃው መቼ እንደሚደርስ፣ ዋጋው በስንት እንደ ተቆረጠ፣ ሻጩም ውሉን ቢያፈርስ ምን እንደሚከተል ሳያጣራ ገንዘቡን አያወጣም። ይኸው ጠንቃቃ ሰው ለእግር ኳስ ክለብ መዋጮ ሲጠየቅ ግን፣ ገንዘቡ በምን ዓይነት ውል እንደሚከፈል ሳይጠይቅ ይሰጣል። የጎንደሩ ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግን ዋንጫ መውሰዱ ለደጋፊው ታላቅ ደስታ እንደ ነበረ አይካድም። ይሁን እንጂ ከአገራችን ክለቦች ብዙዎቹ የሚተዳደሩት ከሜዳ መግቢያ በሚሰበሰብ ገንዘብ ሳይሆን፣ ከከተማ አስተዳደርና ከመንግሥት ድርጅቶች በሚመደብ በጀት ስለሆነ፣ የተጫዋች ደመወዝ የግብር ከፋዩ ጉዳይ ነው።

በነሐሴ 2011 ዓ.ም. የእግር ኳስ ፌዴሬሽኑና ክለቦቹ መክረው የአንድ ተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ወሰኑ። ቁጥሩ ግልጽ ቢመስልም፣ ለሒሳብ ሰው የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ገንዘብ ግብር የተቀነሰለት ነው ወይስ ያልተቀነሰለት የሚለው ነው። በጊዜው በነበረው የደመወዝ ግብር ሰንጠረዥ፣ የጡረታ መዋጮ ሳይቆጠር፣ ከ50,000 ብር ላይ 16,000 ብር ለግብር ተቀንሶ 34,000 ብር ለተጫዋቹ ይደርሳል። ተጫዋቹ «50,000 በእጄ ይግባ» ብሎ ከተዋዋለ ግን ክለቡ በደመወዝ መዝገብ ላይ 74,615 ብር ያህል መጻፍ አለበት። በዚህ ልክ ሃያ አምስት ሰው ቢቀጠር ልዩነቱ በወር ከ615,000 ብር ይበልጣል። ሰንጠረዡ በ2017 ዓ.ም. ቢሻሻልም ከፍተኛው መደብ 35 በመቶ እንደ ሆነ ስለ ቀረ፣ «የተጣራ» የምትለዋ አንዲት ቃል ዛሬም ውድ ናት።

በነፍስ ወከፍ የሚወሰን ጣሪያ ሌላም ድካም አለው። ሁለት ክለቦች አንድ ግብ አግቢ ቢፈልጉና በደመወዝ መበላለጥ ቢከለከሉ፣ በቤት ኪራይ፣ በሽልማት ወይም በጎን በሚሰጥ ገንዘብ ለመበላለጥ ይፈተናሉ፤ ከመዝገብ ውጭ የወጣ ገንዘብ ደግሞ ተቆጣጣሪ የለውም። ስለዚህ የሊጉ አክሲዮን ማኅበር ከ2017 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ጀምሮ ጣሪያውን ክለቡ ለተጫዋቾች በሚያወጣው ጠቅላላ ገንዘብ ላይ ማድረጉ የተሻለ መንገድ ነው።

ይህን መንገድ በሰሜን አሜሪካ የበረዶ ላይ ሆኪ ቡድኖች ቀድመው በከባድ ዋጋ ተምረውታል። ባለቤቶቹና ተጫዋቾቹ በደመወዝ ጣሪያ ሳይስማሙ ቀርተው፣ እ.ኤ.አ. የ2004-05 የውድድር ዘመን ጨርሶ ተሰረዘ። በመጨረሻ የአንድ ቡድን ጠቅላላ የደመወዝ ወጪ በመጀመሪያው ዓመት ከ39 ሚሊዮን ዶላር እንዳያልፍ፣ የአንድ ሰው ድርሻም ከዚህ ጣሪያ ከአንድ አምስተኛ እንዳይበልጥ ተስማሙ። ከዚያ በኋላ የቡድን ሥራ አስኪያጅ ለአንድ ዝነኛ ብዙ ቢከፍል ለሌሎቹ የሚተርፈው ስንት እንደሆነ አስቀድሞ ማስላት ግዴታው ሆነ። እዚያ ጣሪያው የተሰላው ከውድድሩ ገቢ ነው፤ በእኛ ዘንድ ግን የበጀት ድጎማ እንደ ገቢ ስለሚቆጠር ክለቡ በእርግጥ ምን ያህል እንደሚያተርፍ ለማወቅ ያስቸግራል።

የውል ማፍረስ ጉዳይም ቀላል አይደለም። በዓለም አቀፉ የእግር ኳስ ማኅበር በፊፋ ደንብ መሠረት፣ ክለቡ የሁለት ወር ደመወዝ ሳይከፍል ቢቀርና ተጫዋቹ በጽሑፍ አስጠንቅቆ አሥራ አምስት ቀን ቢታገሥ፣ ውሉን በበቂ ምክንያት ማፍረስ ይችላል፤ ለቀረው የውል ዘመንም ካሣ ይጠይቃል። እንግዲህ ክለቡ ሰውየውንም ገንዘቡንም ያጣል ማለት ነው። የመንግሥት በጀት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ብቻ የሚጸድቅ ሲሆን፣ የሁለት ዓመት ውል የሚፈርም ክለብ ለሁለተኛው ዓመት ደመወዝ ቃል የሚገባው ገና ባልተመደበ ገንዘብ ነው።