ከሰል በተዘጋ ቤት

በሚዛን ተፈሪና በቴፒ አገር ዝናብ ብዙ ነው። ዝናቡ በበረታ ጊዜ ሰው ደጁን ይዘጋል፤ የከሰሉንም ምድጃ ወደ ውስጥ አግብቶ ቡናውን ቆልቶ ያፈላል። ቡናው ከተጠጣ በኋላ ፍሙ ቤቱን ያሙቅ ተብሎ በዚያው ይተዋል፤ ልጆቹም በዙሪያው ይተኛሉ። እንዲህ ተኝተው ሳይነሡ የቀሩ ብዙዎች ናቸው። የገደላቸው ምን እንደ ሆነ በቍጥር እንመርምር።

ከሰል ከሞላ ጎደል ካርቦን የሚባለው ነገር ነው። ሲነድ በአየር ውስጥ ካለው ኦክሲጅን ጋራ ይዋሐድና ጋዝ ይሆናል። ጋዝ ስንል በፋኖስ የሚነደውን ላምባ ማለታችን አይደለም፤ እንደ አየር ሆኖ ያገኘውን ስፍራ ሁሉ የሚሞላውን ነው እንጂ። ለፍሙ አየር የበቃው እንደ ሆነ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፤ አየር ያነሰው እንደ ሆነ ግን ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው መርዝ ይበዛል። ቡናው ይሸታል፤ ዕጣኑም ይሸታል፤ ይህ መርዝ ግን ሽታም መልክም የለውም። ወደ ደም ገብቶ የኦክሲጅንን ቦታ ይይዛል።

በፈረንጆች አቆጣጠር በ1811 ዓ.ም. አቮጋድሮ የሚባል የኢጣልያ ሊቅ አንድ ትልቅ ነገር አስተዋለ። ይኸውም ሙቀታቸውና ግፊታቸው እኩል የሆነ ጋዞች፣ ዓይነታቸው ቢለያይም፣ በእኩል ስፍራ ውስጥ እኩል ቍጥር ያላቸው ቅንጣቶች አሏቸው ማለት ነው። ከእርሱ በኋላ የመጡ ሊቃውንት ቅንጣቶችን የሚሰፍሩበትን መስፈሪያ ሞል አሉት። የካርቦን ሞል 12 ግራም፣ የኦክሲጅን 16 ግራም ነው፤ ስለዚህ ከሁለቱ የተሠራው የካርቦን ሞኖክሳይድ ሞል 28 ግራም ይሆናል።

አንድ ሞል ጋዝ በባሕር ጠረፍ፣ ሙቀቱ 20 ዲግሪ ሲሆን፣ 24 ሊትር ያህል ስፍራ ይይዛል። ቴፒ ግን ከባሕር ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለ አገር ነው። በዚያ የአየሩ ግፊት ስለሚያንስ ጋዙ ተዘርግቶ 28 ሊትር ያህል ይሆናል። እንግዲህ የጋዙን ክብደት በሞሉ ክብደት አካፍል፤ የወጣውን በ28 ሊትር አባዛ። ለካርቦን ሞኖክሳይድ ግራሙና ሊትሩ እኩል መሆኑ እንዲያው አጋጣሚ ነው፤ 44 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድም ያው 28 ሊትር ነውና።

አሁን ርዝመቱ 4 ሜትር፣ ወርዱ 3 ሜትር ተኩል፣ ቁመቱ 2 ሜትር የሆነውን ቤት አስብ። የሚይዘው አየር 28,000 ሊትር ነው። ከዶሮ ዕንቁላል የማይበልጥ የከሰል ስባሪ 12 ግራም ያህል ካርቦን አለው። ይህ ሁሉ ወደ መርዙ ቢለወጥ 28 ሊትር ይወጣል፤ ከሺህ እጅ አንድ እጅ ማለት ነው። ይህችው አንድ እጅ የተኛን ሰው በጥቂት ሰዓት ልትገድል ትችላለች። ራስ ማመምና ማዞር በጀመረ ጊዜ ፈጥኖ ደጁን ከፍቶ መውጣት፣ ሌሎቹንም ማውጣት ያስፈልጋል፤ ምድጃውም ከመኝታ በፊት ወደ ውጭ ይወሰዳል።

ጥያቄ። በቴፒ፣ ርዝመቱና ወርዱ 4 ሜትር፣ ቁመቱ 2 ሜትር ተኩል በሆነ ቤት 56 ግራም ካርቦን ሞኖክሳይድ ቢገባ ስንት ሊትር ይሆናል? ከሺህ እጅስ ስንት እጅ ነው?