ወደ አርመን ሰማዕታት ሀገር በጥቂት ስንቅ ስለ መሄድ

ተሳላሚ ማለት ሀገር ጐብኚ ማለት አይደለም፤ ሁለቱ በአንድ መንገድ ቢሄዱም የሚፈልጉት ልዩ ልዩ ነው። አባቶቻችን ወደ ኢየሩሳሌም ሲወርዱ በሶና ዳቦ ቆሎ በስልቻ ቋጥረው፥ በየደረሱበት ደጀ ሰላም እያደሩ፥ ብዙዎቹም በመንገድ እየቀሩ ነበር፤ የስንቃቸው ማነስ ከመሳለም አልከለከላቸውም። ዛሬም ወጣቶች አንድ ሻንጣ በጀርባቸው አዝለው በጥቂት ገንዘብ ከሀገር ወደ ሀገር ሲዘዋወሩ እናያለን። ልማዱ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን ከእነርሱ አንዳንዶቹ ሕዝብ በግፍ ወዳለቀበት ስፍራ ይደርሳሉና፥ ክርስቲያን በዚያ እንዴት ሊቆም እንደሚገባው ማስተማር የካህናት ፈንታ ነው። ለዚህም በሦስቱ ጉባኤያት ሃይማኖት እኅታችን የሆነችውን የአርመንን ቤተ ክርስቲያን ነገር እንመለከታለን።

ሚያዝያ 16 ቀን 1907 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቈጣጠር 1915) በቍስጥንጥንያ ከ200 የሚበልጡ የአርመን ሊቃውንትና ታላላቅ ሰዎች ተያዙ፤ ከእነርሱም አብዛኞቹ ተገደሉ። ከዚያ በኋላ የኦቶማን መንግሥት ሕዝቡን ከየመንደሩ እያስነሣ ወደ ሶርያ ምድረ በዳ ነዳው። ወንዶቹ ተለይተው ሲገደሉ፥ ሴቶች፥ ሽማግሌዎችና ሕፃናት በእግራቸው ተነድተው በረኃብ፥ በጥም፥ በበሽታና በሰይፍ አለቁ። የሞቱት እስከ 1.5 ሚሊዮን እንደሚደርሱ ይነገራል። የቱርክ መንግሥት ዘር ማጥፋት የሚለውን ስም አይቀበልም፤ የታሪክ ሊቃውንት የሚበዙት ግን በዚሁ ስም ይጠሩታል።

ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ኢየሩሳሌምን በጐበኙ ጊዜ በአርመን ገዳም ያገኟቸውን 40 እጓለ ማውታ ወደ አዲስ አበባ አስመጥተዋል። «አርባ ልጆች» የተባሉት እነዚህ ናቸው፤ የሙዚቃ መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንድያንም የንጉሠ ነገሥቱን መንግሥት መዝሙር ዜማ የደረሰ ነው።

ደሙ የፈሰሰበት ምድር በአብዛኛው ዛሬ በቱርክና በሶርያ ግዛት ውስጥ ነው። በሶርያ በዴር ኤዝ ዞር የሟቾቹን ዐፅም ይዞ የነበረው የሰማዕታት ቤተ ክርስቲያን በመስከረም 2007 ዓ.ም. በጦርነት መካከል ፈርሷል። ስለዚህ ተሳላሚው የሚሄደው ወደ አርመንያ ዋና ከተማ ወደ ይሬቫን ነው። በዚያ ጺጸርናካበርድ በተባለው ኮረብታ ላይ በ1960 ዓ.ም. የተፈጸመው መታሰቢያ ይገኛል፤ 44 ሜትር የሆነ የድንጋይ ዐምድ፥ ወደ ውስጥ ያዘነበሉ 12 ታላላቅ ድንጋዮች፥ በመካከላቸውም የማይጠፋ እሳት አለ። ሙዚየሙ የመግቢያ ዋጋ አይጠይቅም። ድኻው መንገደኛ ከባለጠጋው እኩል ይገባል።

ከከተማው 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወደሚገኘው ወደ ቫጋርሻፓት ብዙ ሰው በሚሳፈርበት በትንሹ አውቶቡስ በጥቂት ሳንቲም ይደረሳል። ስንክሳራችን መስከረም 29 ቀን የሚያስታውሳት፥ ሕዝባችንም እጅግ የሚወዳት ቅድስት አርሴማ መቃብሯ በዚያ ነው፤ በላዩም በ618 ዓመተ ምሕረት በአውሮፓ አቈጣጠር የታነጸ ቤተ ክርስቲያን ቆሟል። ስለ አርሴማ ስለት የሚሳል ወገናችን ብዙ ሆኖ ሳለ የመቃብሯን ሀገር ስም የሚያውቀው ጥቂት መሆኑ ያስገርማል። ምግቡም አያስቸግርም፤ በምድር ውስጥ በተቀበረ የሸክላ ምድጃ የሚጋገረው ላቫሽ የተባለው ስስ ቂጣ ለጾመኛም ለመንገደኛም ይስማማል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ተሳላሚው በእሳቱ ፊት ቆሞ ምን ይጸልይ? ፍትሐት ያድርግላቸውን፥ ወይስ ምልጃ ይለምን? የአርመን ቤተ ክርስቲያን እስከ 2007 ዓ.ም. ድረስ በየዓመቱ ሚያዝያ 16 ቀን ለሙታኑ ጸሎተ ፍትሐት ታደርስ ነበር። በ2007 ዓ.ም. ሚያዝያ 15 ቀን ግን በኤጭሚያጺን ስለ ሃይማኖትና ስለ ሀገር የሞቱትን ሁሉ በአንድነት ቅዱሳን ብላ ሰየመቻቸው፤ በዚያም ምሽት ደወሎቿ 100 ጊዜ ተደወሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፍትሐቱ ቀርቶ ምልጃቸው ይለመናል። ትናንት የምንለምንላቸው ዛሬ የሚለምኑልን ሆኑ።

አንዳንድ ሰው፥ «ሰማዕት ማለት ክርስቶስን ካድ ተብሎ አልክድም ያለ ነው፤ እነዚህ ግን በዘራቸው ምክንያት ተገደሉ እንጂ መቼ ተጠየቁ?» ይላል። ይህ ጥያቄ ንቆ የሚታለፍ አይደለም። ከመካከላቸው ሃይማኖታቸውን ቢለውጡ በሕይወት ሊተርፉ የሚችሉ ብዙዎች እንደ ነበሩ የታወቀ ነው፤ ያልተጠየቁትም አሉ፥ ይልቁንም ሕፃናቱ። ነገር ግን ሄሮድስ ያስገደላቸውን የቤተ ልሔም ሕፃናት ማን ጠየቃቸው? አፋቸውን ሳይፈቱ የሞቱትን እነዚያን ሰማዕታት ብለን በዓላቸውን እናከብራለን። ስማቸው በዝርዝር ባይጻፍም ቍጥራቸውን የሚያውቅ አምላክ አለ፤ የአርመን አባቶችም ስም ሳይዘረዝሩ፥ ቍጥርም ሳይወስኑ በጅምላ መቀደሳቸው ከዚህ የተነሣ ይመስለናል።

ስንቁ ያነሰው መንገደኛ አንድ ነገር ይጠንቀቅ። በደረቅ ቂጣ ቢያድርና እግሩ ቢላጥ ከሰማዕታቱ ጋር ራሱን አያስተካክል፤ የእርሱ ረኃብ በፈቃዱ ነው፥ ሲደክመው ይቀመጣል፥ ሲጠማው ይጠጣል። እነዚያ መቀመጥ አልተፈቀደላቸውም። በእሳቱ ፊት እየሣቁ ፎቶግራፍ መነሣትም ከመቃብር ላይ ከመዝፈን አይለይም። ከዚህ የሚከፋው ግን ከሙዚየሙ ሲወጡ ቂምን ይዞ መውጣት ነው። በዚያ ጊዜ አርመኖችን በቤታቸው ሸሽገው ያዳኑ ሙስሊሞች እንደ ነበሩ ማወቅ፥ ለልጅ ልጅ በቀልን እንዳናወርስ ይረዳል።

በኤጭሚያጺን የሚያስቀድስ ወገናችን ቍርባኑ ያለ እርሾ፥ ወይኑም ያለ ውኃ መቅረቡን አይቶ አይደንግጥ፤ የቆየ ሥርዓታቸው ነው። ወደዚያ ለመሄድ አቅም የሌለው ደግሞ አዲስ አበባ የአርመኖች የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አለች። የሚያዝያ 16 መታሰቢያ በዓለም ሁሉ በሚገኙ አርመኖች ዘንድ ስለሚከበር፥ በዚያ ቀን ደጃፏን ስሞ አንድ ጧፍ ማብራት ይችላል።