ያላየነውን ፊልም መማር፦ የጠፉ ፊልሞቻችንና የቤት የፊልም ስብስብ

መግቢያ

የሀገራችን የፊልም ታሪክ ሲነሣ የማይቀሩ ስሞች አሉ። «ሂሩት አባቷ ማነው?» በ1964 የተሠራ፣ የመጀመሪያው ረጅም የኢትዮጵያ ፊልም ተብሎ የሚጠቀስ ሥራ ነው። «ጉማ»ን ሚሼል ፓፓታኪስ በ1974 አዘጋጀ፤ የጉማ የፊልም ሽልማት ስሙን ያገኘው ከዚሁ ፊልም ነው። ኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን በ1976 አቀረበ። ሰሎሞን በቀለ ወያ ደግሞ በ1990ዎቹ መጀመሪያ «አስቴር»ን ሠራ። እኛ ተማሪዎች እነዚህን ስሞችና ዓመቶች ለፈተና በቃላችን እንይዛለን። «ፊልሞቹን አይታችኋል ወይ?» ብትሉን ግን ከክፍላችን እጁን የሚያወጣ ብዙ ሰው አታገኙም። ልብ ወለዱን ሳያነብ ስለ ልብ ወለድ ሂስ የሚጽፍ ተማሪ ይሳቅበታል፤ በፊልም ላይ ግን ነገሩን ለምደነዋል።

መቼስ ዘመኑ የኢንተርኔት ነውና «ፈልጋችሁ እዩት» የሚል ይኖራል። እኔም ፈልጌአለሁ። በወር ክፍያ ፊልም ከሚያሳዩት ታዋቂ አገልግሎቶች ውስጥ «ሂሩት»ንም «ጉማ»ንም አላገኘሁም። ዩቲዩብ ላይ የሚገኘው የቅርብ ዘመን ፊልም ቢሆንም ብዙ ጊዜ ጥራቱ የወረደ፣ ዛሬ ታይቶ ነገ ሊነሣ የሚችል ነው።

በዚህ ጽሑፍ ፊልሞቹ ለምን እንደማይገኙ ባጭሩ አሳይቼ፣ እኛ የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ልጆች በየቤታችን ካለው ካሴትና ዲስክ ተነሥተን የፊልም ስብስብ እንዴት ልናደራጅ እንደምንችል አቀርባለሁ። «ዓ.ም.» ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

1. ፊልሞቹ ለምን አይገኙም?

የመጀመሪያው ምክንያት የመብት ጉዳይ ነው። የኢንተርኔት አገልግሎቶች ፊልም የሚያወጡት ከባለ መብቱ ጋር ውል ፈርመው ነው። አዘጋጁ ሞቶ፣ ወራሾቹ ተበትነው፣ ያሠራው ድርጅት ፈርሶ ከሆነ ማን ይፈርማል? ለምሳሌ በ1986 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ፊልም ኮርፖሬሽን በ1990ዎቹ መጨረሻ ተዘግቷል። ውሉ ቢፈረም እንኳ የጊዜ ገደብ አለው፤ ጊዜው ሲያልቅ ፊልሙ ከዝርዝሩ ይወጣል። ተመልካቹ የከፈለው ለማየት ስለሆነ «ፊልሜን መልሱልኝ» ሊል አይችልም።

ሁለተኛው ወጪ ነው። በ35 ወይም በ16 ሚሊሜትር ፊልም የተቀረጸን ሥራ ወደ ኮምፒውተር ለማዛወር ምስሉን አንድ በአንድ በስካነር ማንሣት፣ ጭረቱን ማጽዳት፣ ድምፁን ማስተካከል ይጠይቃል። «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» በ1974፣ ዘውዱ በወረደበት ዓመት፣ በ16 ሚሊሜትር በጥቁርና ነጭ የተቀረጸ ነው። እድሳቱ የተደረገለት ጣሊያን ሀገር ቦሎኛ ውስጥ ሲሆን፣ የማርቲን ስኮርሴዚ የዓለም ሲኒማ ፕሮጀክት ካቀፋቸው ሥራዎች አንዱ ነው። እንዲህ ያለ ደጋፊ የሚያገኝ ፊልም ጥቂት ነው።

የዚሁ የጎንደር ተወላጅ ሌላ ሥራ፣ «ሳንኮፋ»፣ በ1993 ሲወጣ አሜሪካ ውስጥ አከፋፋይ ስላጣ ኃይሌ ሲኒማ ቤት እየተከራየ ራሱ አሳየው። በ1997 ከባለቤቱ ከሺሪኪያና አይና ጋር ዋሽንግተን ውስጥ «ሳንኮፋ» የተባለውን የመጽሐፍና የቪዲዮ መደብር ከፈተ። ፊልሙ ታድሶ በተወሰኑ አገሮች ኔትፍሊክስ ላይ የወጣው በ2021 ነው። በመካከሉ 28 ዓመት አለ። በነዚህ ዓመታት ፊልሙ በሰው እጅ የቆየው በካሴትና በዲስክ ነው።

ሦስተኛው ምክንያት ብዙም አይነገርለትም። ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ፣ «ቀዝቃዛ ወላፈን»ን (2003) የመሳሰሉ በቪዲዮ የተቀረጹ ፊልሞች ሲበዙ፣ ሥራዎቹ ወደየቤታችን የመጡት በቪሲዲ ነው። ቪሲዲ 74 ወይም 80 ደቂቃ ብቻ ስለሚይዝ ፊልሙ በሁለት ዲስክ ተከፍሎ ይሸጥ ነበር፤ የምስሉ ስፋትም 352 በ288 ነጥብ ብቻ ነው። በየቤቱ የተገለበጠው ዲስክ ደግሞ መረጃውን የሚይዘው በቀለም ንጣፍ ላይ ነው፤ ንጣፉ በብርሃንና በሙቀት ይበላሻል። እንግዲህ ነገሩ የተገላቢጦሽ ሊሆን ይችላል፤ በደንብ የተቀመጠ የ1964 ፊልም ሲተርፍ፣ እኛ ሕፃን ሆነን ያየነው የ2003 ፊልም ቀድሞ ሊጠፋ ይችላል።

2. የሌላው ዓለም ልምድ

ይህ የድህነት ጣጣ ብቻ እንዳይመስለን። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ2013 ባወጣው ጥናት መሠረት፣ ከ1912 እስከ 1929 ድረስ ከተሠሩት 11,000 የሚጠጉ ድምፅ አልባ ረጃጅም የአሜሪካ ፊልሞች ውስጥ በመጀመሪያው የ35 ሚሊሜትር ይዘታቸው ሙሉ ሆነው የተገኙት 14 በመቶ ብቻ ናቸው።

የተረፉትስ እንዴት ተረፉ? የጀርመኑ «ሜትሮፖሊስ» በ1927 ከታየ በኋላ ተቆርጦ አጠረ፤ የተቆረጠውም ለዘለዓለም ጠፋ ተባለ። በ2008 ግን ከሞላ ጎደል ሙሉ የሆነ ቅጂ አርጀንቲና፣ ቦነስ አይረስ ውስጥ ተገኘ። የዚህ ቅጂ መነሻ የአንድ ግለሰብ ስብስብ ነበር። የእንግሊዙ ቢቢሲም በ1960ዎቹ ያሰራጨውን «ዶክተር ሁ» የተባለ ተከታታይ ድራማ ቴፖቹን አጥፍቶ ለሌላ ሥራ ተጠቅሞባቸዋል። ምስላቸው የጠፋው ክፍሎች ድምፃቸው ግን ሁሉም አለ፤ ምክንያቱም ተመልካቾች ቤታቸው ተቀምጠው ከቴሌቪዥኑ በቴፕ ቀድተውት ነበር። ታላቁ ተቋም የጣለውን የቤት ቴፕ አቆየው ማለት ነው።

3. ነገሩ ከጋይንት ሲታይ

እኛ አካባቢ ሲኒማ ቤት የለመደ ሰው ጥቂት ነው። ፊልም የመጣልን በቪዲዮ ቤት፣ ቀጥሎ በቪሲዲ፣ አሁን ደግሞ በሚሞሪና በፍላሽ ነው። ነፋስ መውጫም ሆነ መካነ ኢየሱስ፣ ወገዳም ሆነ አርብ ገበያ፣ ስልክ ላይ ሙዚቃና ፊልም የሚጭን ሱቅ አይታጣም። የሱቁ ኮምፒውተር ሳይታወቅ የከተማው የፊልም ቤተ መዛግብት ሆኗል። ነገር ግን ባለ ሱቁ የሚያስበው ገበያውን ነው፤ ሃርድ ዲስኩ ሲሞላ የሚያጠፋው ማንም የማይጠይቀውን አሮጌውን ነው። አይፈረድበትም፤ ሥራው ማስቀመጥ አይደለም።

በኢንተርኔት ላይ መተማመን ምን እንደሚያስከትል ደግሞ አይተናል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ፣ ዩቲዩብም ቴሌግራምም ለእኛ አልነበሩም። በዚያን ጊዜ በሠፈራችን ፊልም ያለው ሰው ቀድሞ የገለበጠ ብቻ ነበር። ማታ ማታ አንድ ላፕቶፕ ዙሪያ ተሰብስበን ያንኑ ፊልም ደጋግመን እናይ ነበር።

ሆኖም ስለ ቅጂ አያያዝ ለማወቅ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም። ጋይንት ውስጥ ያለችው ቤተ ልሔም የድጓ ምስክር ቤት ናት፤ ዙር አምባም ለዝማሬ መዋሥዕት እንዲሁ። የድጓ ተማሪ ድጓውን በእጁ ይጽፋል፣ ምልክቱን ያኖራል፣ መምህሩ ፊት ያሳርማል፤ ሲመረቅም ይዞት ይሄዳል። በዚህ አሠራር ሦስት ነገር አለ። ቅጂው በተማሪው እጅ ነው፤ ቅጂው ታርሟል፤ ተማሪዎቹ ወደየሀገራቸው ሲበተኑ ቅጂዎቹም አብረው ይበተናሉ። አንዱ ቤት ቢቃጠል ዜማው አይጠፋም። እኔ የቤት የፊልም ስብስብ የምለው ይህንኑ ነው።

4. የቤት ስብስብ አደረጃጀት

ባለፈው ክረምት የእኛን ቤት፣ መካነ ኢየሱስ ያለችውን የአክስቴን ቤት፣ ወገዳ ያለውን የዶርም ጓደኛዬን ቤት ዕቃ አገላብጠን የሚከተለውን ተምረናል።

ሀ. መመዝገብ። ከመገልበጥ በፊት ያለውን ሁሉ መዝግቡ፦ ርዕስ፣ አዘጋጅ፣ ዓመት፣ የዕቃው ዓይነት፣ የማን እንደሆነ። የሰርግ ቪዲዮና ከቴሌቪዥን የተቀዳ ድራማም አይናቅ። «ቀዝቃዛ ወላፈን» ሌላ ቤት ሊገኝ ይችላል፤ የአክስቴ ሰርግ ላይ አያቴ ያሰሙት ቀረርቶ ግን ያለው አንድ ካሴት ላይ ብቻ ነው።

ለ. ቅደም ተከተል። በመጀመሪያ አንድ ቅጂ ብቻ ያለውን፣ ቀጥሎ ሊበላሽ የተቃረበውን ገልብጡ። ሌላ ቦታ በቀላሉ የሚገኝ የሆሊውድ ፊልም ይቆይ።

ሐ. ካሴት። የቪዲዮ ዴኩ በቢጫ፣ በቀይና በነጭ ገመድ ከመቅረጫ መሣሪያ ጋር፣ መሣሪያውም በዩኤስቢ ከላፕቶፕ ጋር ይያያዛል። የእኛ ሀገር ካሴት ባብዛኛው በፓል ሥርዓት የተቀዳ ስለሆነ ሲቀረጽ 576 መስመርና በሰከንድ 25 ምስል ይሁን። ነፋስ መውጫን የመሰለ ብርዳማ ቦታ የቆየ ካሴት ሞቅ ያለ ክፍል እንደገባ አይጫወት፤ ጤዛ ይይዛልና ሰዓታት ጠብቁት። ነጭ ሻጋታ ካያችሁበት ዴኩ ውስጥ አታስገቡት፤ ዴኩንም ሌሎቹን ካሴቶችም ያበላሻል።

መ. ቪሲዲ። ዲስኩ ውስጥ ያለው «ዳት» የሚባል ፋይል ቪኤልሲ ላይ ይከፈታል። አንዱ ኮምፒውተር ያላነበበውን ሌላው ሊያነበው ስለሚችል ቶሎ ተስፋ አትቁረጡ።

ሠ. አሰያየም። በእኛ ፊደል ዋናው ችግር ሞክሼ ፊደላት ናቸው። አንዱ «ሂሩት»፣ ሌላው «ሒሩት» ብሎ ከጻፈ ኮምፒውተሩ ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው ይላል፤ «ሰ»ና «ሠ»፣ «አ»ና «ዐ»፣ «ጸ»ና «ፀ»ም እንደዚሁ። ቡድኑ አንድ የአጻጻፍ ደንብ ይምረጥ፤ ዲስኩ ሽፋን ላይ ያለው አጻጻፍ በመዝገቡ ውስጥ ለብቻው ይቀመጥ። ዓመቱም በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፍ፤ የ7 ወይም የ8 ዓመት ልዩነት አንዱን ፊልም ሁለት እንዳያስመስለው።

ረ. ማሳረም። የተገለበጠውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እዩት። ከዚያ በኋላ ኮምፒውተር የፋይሉን «አሻራ» እንዲያወጣ ማድረግ ይቻላል፤ ፋይሉ ላይ አንድ ነገር ቢለወጥ አሻራው ይለወጣል። በየዓመቱ ማነጻጸር ከድጓው እርማት ጋር የሚመሳሰል ሥራ ነው።

ሰ. ሦስት ቅጂ። በባለሙያዎች ዘንድ የታወቀው ደንብ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ዕቃ፣ አንዱ በሌላ ቦታ ይላል። ለእኛ ቀላል ነው፤ አንዱ ነፋስ መውጫ፣ አንዱ ወገዳ፣ አንዱ መካነ ኢየሱስ ይቀመጥ። አንድ ሰዓት ተኩል የሚሆን ፊልም በመካከለኛ ጥራት ከ1 እስከ 1.5 ጊጋባይት ስለሚይዝ፣ 1 ቴራባይት ሃርድ ዲስክ ከ600 በላይ ፊልም ይችላል። ፍላሽና ሚሞሪ ለማመላለሻ ጥሩ ናቸው፤ ለዓመታት ማስቀመጫነት ግን አይታመኑም። መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚመጣው ኃይል ሃርድ ዲስክን ሊጎዳ ስለሚችል መገልበጡ በላፕቶፕ ባትሪ ቢሆን ይመረጣል።

5. ሕጉስ ምን ይላል?

«ይህ የሰው ሀብት መስረቅ አይደለም ወይ?» የሚል ጥያቄ ይነሣል፤ ተገቢም ነው። በቪሲዲ ዘመን ሕገ ወጥ ቅጂ ስንት የፊልም ባለሙያ አክስሯል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ አንድ ግለሰብ ለግል መገልገያው ብቻ ከታተመ ሥራ አንድ ቅጂ ቢያባዛ ባለ መብቱ ሊከለክለው እንደማይችል ይደነግጋል፤ ልዩ ሁኔታዎችም አሉት። መሸጥ፣ ማከራየትና በሕዝብ ፊት ማሳየት ግን ከዚህ ውጪ ነው። ስለሆነም ሦስቱን ቅጂ ለሦስት ቤት ስናደርግ ፈቃድ የሚያስፈልገው የትኛው እንደሆነ መለየት አለብን። የቤተሰብ ቪዲዮ ላይ ባለቤቶቹ እኛው ነን፤ የቤተሰቡን ፈቃድ መጠየቅ ይበቃል። በገበያ የሚሸጥ ፊልም ከሆነ እያንዳንዳችን እንግዛ። ከገበያ የጠፋ ከሆነ ደግሞ አዘጋጁን ወይም ወራሾቹን ፈልገን በደብዳቤ እንጠይቅ። ይህ ደብዳቤ ራሱ የጥናት ሥራ ነው፤ ባለ መብቱ ማን እንደሆነ ያጣራ ተማሪ ለፊልም ታሪካችን አንድ ገጽ ጨመረ ማለት ነው።

ማጠቃለያ

«ሂሩት»ንና «ጉማ»ን ከጋይንት ሳጥን ውስጥ እናገኛለን ብዬ አላስብም፤ የእነሱ ነገር የወመዘክርን፣ የዩኒቨርሲቲዎችንና የባለ መብቶችን ትብብር ይጠይቃል። በእኛ እጅ ያለው ከዚያ በኋላ የመጣው ነው፦ የቪዲዮው ዘመን ፊልም፣ ከቴሌቪዥን የተቀዳው ድራማ፣ የሰርጉና የተዝካሩ ካሴት። እነዚህን ዛሬ ካልገለበጥናቸው ከሃያ ዓመት በኋላ የሚመጣ ተማሪ እንደ እኛ ርዕስና ዓመት ብቻ ይሸመድዳል።

ስለዚህ ሁለት ሐሳብ አቀርባለሁ። ለተማሪዎች፦ ለሰሚስተር ዕረፍት ወደ ቤት ስትሄዱ የአንድ ቤት ዝርዝር በደብተር ጽፋችሁ አምጡ፤ ለጊዜው መገልበጡ ይቆይ። ለመምህራኖቻችን፦ ዝርዝሩ የሚሰበሰብበት አንድ ኮምፒውተርና አንድ የሚሠራ የቪዲዮ ዴክ ብታመቻቹልን የቀረውን እኛ እንሠራለን። የአክስቴ ካሴት ከወዲሁ ተራ ይዟል።