የደም ዓይነት ለጡት ካንሰር ያጋልጣልን?

«ደሜ ‹ኤ› ስለሆነ ለጡት ካንሰር ይበልጥ እጋለጣለሁን?» ይህ ጥያቄ ከስጋት የመነጨ ቢመስልም ሳይንሳዊ መነሻ አለው።

የደም ዓይነቶችን ለይተው ያሳወቁት ኦስትሪያዊው ሐኪም ካርል ላንድሽታይነር ናቸው፤ ይህም እ.ኤ.አ. በ1901 ነበር። ዓይነቱን የሚወስኑት በቀይ የደም ሕዋሳት ገጽ ላይ የሚገኙ የስኳር ሞለኪውሎች ሲሆኑ፣ እነዚሁ ሞለኪውሎች በጨጓራና በሌሎች የአካል ክፍሎች ሕዋሳት ላይም ይገኛሉ። እ.ኤ.አ. በ1953 በብሪታንያ የታተመ ጥናት የጨጓራ ካንሰር የደም ዓይነታቸው «ኤ» በሆኑ ሰዎች ላይ በመጠኑ እንደሚበዛ አሳየ። ታዲያ የጡት ካንሰርስ?

አንዳንድ አነስተኛ ጥናቶች ተመሳሳይ ግንኙነት አግኝተናል ብለዋል። ይሁን እንጂ የሕሙማንን ቁጥር ብቻ ማየት ያሳስታል። በአንድ ኅብረተሰብ ውስጥ ከ100 ሴቶች 40ዎቹ የደም ዓይነታቸው «ኦ» ቢሆን፣ ምንም ግንኙነት ባይኖርም ከ100 ሕሙማን 40 ያህሉ «ኦ» መሆናቸው የሚጠበቅ ነው። ስለዚህ ከጤነኞች ጋር ማነጻጸር ግድ ይላል። የደም ዓይነቶች ስርጭት ከሕዝብ ሕዝብ ስለሚለያይ፣ የሚነጻጸሩት ወገኖች የዘር ሐረግም ተቀራራቢ መሆን ይኖርበታል።

ይበልጥ አስተማማኙ መንገድ ጤነኛ ሴቶችን ለብዙ ዓመታት መከታተል ነው። በአሜሪካ ነርሶች ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመው ጥናት ከ67,000 በላይ ሴቶችን ያካተተ ሲሆን፣ ከእነዚህ ከ3,000 የሚበልጡት በጡት ካንሰር ተይዘዋል። የደም ዓይነት ግን ከበሽታው መከሰትም ሆነ ከሕሙማኑ በሕይወት መቆየት ጋር ግልጽ ግንኙነት አልታየበትም።

የዘር ውርስ ድርሻ የለውም ማለት ግን አይደለም። የጡት ካንሰርን አደጋ በእጅጉ የሚያሳድገው ጉድለት የሚገኘው «ብራካ 1» እና «ብራካ 2» በተባሉት ዘረ-መሎች ላይ ሲሆን፣ የመጀመሪያው በ17ኛው፣ ሁለተኛው በ13ኛው ክሮሞዞም ላይ ናቸው። የደም ዓይነትን የሚወስነው ዘረ-መል ደግሞ በ9ኛው ላይ ነው። ስለዚህ የደም ዓይነትን ማወቅ ስለ እነዚህ ጉድለቶች አንዳች አይነግረንም። ከዚህ ሌላ የዕድሜ መግፋት፣ የአልኮል መጠጥና ከማረጥ በኋላ የሚመጣ ከልክ ያለፈ ውፍረትም አደጋውን ይጨምራሉ።

በኢትዮጵያ ሴቶችን በብዛት ከሚያጠቁ ካንሰሮች ቀዳሚው የጡት ካንሰር ነው፤ ብዙዎቹም ወደ ሕክምና የሚመጡት በሽታው ከተስፋፋ በኋላ ነው። «ደሜ ‹ኦ› ነው» በሚል መጽናናት እብጠትን ችላ ማለት ውድ ጊዜን ያባክናል። በጡት ላይ አዲስ እብጠት የተገኘባት ሴት የደም ዓይነቷ ምንም ይሁን ምን፣ ሳትዘገይ ሐኪም ዘንድ ልትቀርብ ይገባል።